200 ሹራብ አሠራሁ፤ የ60ው እጅ ከገላው በቀለም ይለያል። ጥፋቱ የማን ነው?

ብርዳሟ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉና አንብቡት።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የልብስ ብራንድ አለኝ። ትንሽ ስል የምሬን ነው። እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ አንድ ስልክና የእናቴ ሳሎን። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራነው በጨርቅ ነበር፤ ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ጃኬት። ጨርቁን መርካቶ ገዝቼ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሰፋለሁ። ካልጣመኝ ይተረተራል። አለቀ።

ዘንድሮ ለክረምት ሹራብ ልሥራ አልኩ። ሰው ሐምሌ በገባ ቁጥር ሰልባጅ ተራ ሄዶ የማያውቀው የፈረንጅ አያት የለበሰውን ሹራብ ሲያማርጥ ይውላል። እጁ ይረዝማል፣ ትከሻው ይወርዳል። እዚሁ የተሠራ፣ በእኛ ሰው ልክ የሆነ ሹራብ ለምን አይኖርም? አንድ አምራች ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ከስልኬ ላይ ፎቶ አሳየሁትና «ይሄን ይምሰል፣ አንገቱ ግን ትንሽ ከፍ ይበል» አልኩት። ናሙና ሠራልኝ። ወደድኩት። ግንቦት መጨረሻ ላይ 200 ፍሬ አዘዝኩ፤ አራት ልክ፣ አንድ ቀለም፣ የተቆላ ቡና የመሰለ ቡኒ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይሄ ነው። ሰኔ አጋማሽ ይደርሳል የተባለው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደረሰ። በየሳምንቱ «ነገ» ነው መልሱ። መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ሳሎን ውስጥ ዘረጋነው። ማታ ነበር፤ አምፖል ስር ሁሉም አንድ ነው። ጠዋት እህቴ ፎቶ ልታነሳ ግቢ አወጣችውና ጠራችኝ። ፀሐይ ላይ የእጁ ቡኒ ሌላ፣ የገላው ቡኒ ሌላ። አንድ በአንድ ስንለይ ዋልን። 60 ፍሬ።

ናሙናውን ሳነሳው ደግሞ ከባድ መሰለኝ። ልቤ ስላልተወኝ ናሙናውንና ከመጣው አምስት ፍሬ ይዤ የሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ፤ ሁሉም ኤም ልክ ናቸው። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ናሙናው 430 ግራም። የመጣው 375፣ 380፣ 370፣ 385፣ 380። ባለሱቁ «ሹራብ በኪሎ መሸጥ ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

የመጨረሻው። አንዷ ደንበኛዬ ካጠበችው በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ሹራቡን የለበሰው የ11 ዓመት ልጇ ነው። ልክክ ብሎበታል።

ጥያቄዬ፦ ከሹራብ አምራች ጋር በትክክል እንዴት ነው የሚሠራው? ጠንካራ ውል ልጻፍ? ቅጣት ላስገባ? ወይስ ሌላ አምራች ልፈልግ?

ኮሌታ

አይዞሽ። እኔ ፖሎና ቲሸርት ነው የማሠራው፣ ግን አምራች አምራች ነው። ውል ላይ በየቀኑ ቅጣት አስገቢ። ከዋጋው 30 በመቶውን ተቀብለሽ፣ አይተሽ፣ አጥበሽ እስክትጨርሺ አትክፈይ። ካልተስማማ ቀይሪው። ከተማው ውስጥ ያለው አምራች እሱ ብቻ አይደለም።

12 ጌጅ

እህቴ፣ ሳቅኩም አዘንኩም። የሚዛኗ ነገር ግን ጎበዝ አስብላሻለች። አብዛኛው ደንበኛ የሚለካው በሜትር ብቻ ነው።

እኔ ራሴ አምራች ነኝ፤ ለወገኔ ያደላሁ ከመሰለሽ ንገሪኝ። ሥራውን የጀመርኩት በእጅ በሚጎተት ማሽን የተማሪ ሹራብ በመሥራት ነው። ቀጥሎ ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ ገብቼ ስድስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠራሁ። አሁን ሦስት የራሴ ኮምፒውተር ማሽኖች አሉኝ፤ አንዱ 7 ጌጅ፣ ሁለቱ 12። ጌጅ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የመርፌ ብዛት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሹራቡ እየሳሳ ይሄዳል። ፎቶ ይዘሽ ስትሄጂ ከዋጋ በፊት መጠየቅ የነበረብሽ «ማሽንህ ስንት ጌጅ ነው?» ብለሽ ነው። ያንን ወፍራም የፈረንጅ ሹራብ 12 ጌጅ ላይ እሠራለሁ የሚልሽ ሰው ካለ ወይ አላወቀም ወይ ሥራ አጥቷል። ክሩ መርፌው ላይ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንቺ የተሸወድሽው ከጨርቅ ስለመጣሽ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄጂ ጨርቁ ተሠርቶ ያለቀለት ነው። ዳስሰሽዋል፣ ቀለሙን ፀሐይ ላይ አይተሽዋል፣ ውፍረቱን መርጠሻል። ለሰፊው የሚቀረው መቁረጥና መስፋት ነው። ሹራብ እንዲህ አይደለም። ጨርቁም ልብሱም እዚያው ማሽን ላይ አብረው ነው የሚወለዱት። ፎቶ አሳይተሽ ስትወጪ «ጨርቁንም አንተ እንደመሰለህ ሥራልኝ» ብለሽው ነው የወጣሽው። እሱም እንደመሰለው ሠራ።

ለዚህ ነው ሹራብ ላይ ብራንድና አምራች መስማማት ያለባቸው ክር ላይ ነው የምለው። ንድፍ ላይ አይደለም፣ ዋጋ ላይ አይደለም። ክር! ምንድነው፣ ጥጥ ነው፣ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ነው፣ ድብልቅ? ቁጥሩ ስንት ነው? ሁለት በ28 ሲሉሽ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተገመዱ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ በግራም 28 ሜትር ይሄዳል። ይሄን ካወቅሽ ሌላ አምራች ጋ ስትሄጂም ያንኑ ነገር ነው የምትጠይቂው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሹራብ እያወሩ መሆናቸው የሚታወቀው ያኔ ነው።

የክብደቱን ምስጢር ልንገርሽ፤ ጓደኞቼ ይቀየሙኝ። ማሽኑ ላይ የሉፑን፣ ማለትም የእያንዳንዱን የክር ቀለበት፣ ትልቅነት የሚወስን ቁጥር አለ። ሉፑን ትንሽ አስፍቼ የመስመሩን ብዛት ከቀነስኩ፣ ያው ቁመት በትንሽ ክር ይሞላል። ማሽኑም ቶሎ ይጨርሳል። ዓይን አይለየውም። ያንቺ 50 ግራም በ200 ፍሬ ሲባዛ 10 ኪሎ ክር ነው። ሌብነት ነው ወይ? አንዳንዴ አዎ። አንዳንዴ ደግሞ ናሙናውን የሠራው ልጅና ምርቱን የሠራው ልጅ የተለያዩ ናቸው፣ ወይ ማሽኑ ተቀይሯል፣ ወይ ዋጋ ሲነገርሽ ክብደት ስላልተጻፈ «በዚህ ዋጋ ይሄው ነው» ብሏል። ውል ላይ ግራም ካልሰፈረ የተሰረቀ ነገር የለም፤ የሚከሰስም የለም።

ካውያ ደግሞ አለ። የላላ ሹራብ በእንፋሎት ካውያ ስር እንደ ሊጥ ነው። የሚፈለገው ልክ 52 ሳንቲሜትር ከሆነና ከማሽን የወጣው 48 ከሆነ፣ ካውያ የሚይዘው ልጅ ጎትቶ 52 ያደርገዋል። ትለኪያለሽ፣ ልክ ነው፣ ትፈርሚያለሽ። ደንበኛሽ ቤት የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው ወደ ልቡ ይመለሳል። ያ የ11 ዓመት ልጅ የለበሰው 48ቱን ነው። እንዲህ ከጠበበ ጥጥ ሳይኖርበት አይቀርም። መቶ በመቶ አክሪሊክ ሲሆን ጉዳቱ ሌላ ነው፤ እንፋሎት ከበዛበት ይሞታል። ሪቡ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ተለጣጩ ክፍል፣ መለጠጡን ያጣል፣ ሹራቡ ወርዶ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ብታደርጊ አይመለስም።

ስለዚህ መለካት ያለብሽ የታጠበውን ነው። እጥበቱንም እኔ በምነግርሽ መንገድ ሳይሆን ደንበኛሽ በምታጥብበት መንገድ እጠቢው። ሹራብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ነው መድረቅ ያለበት፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሹራብ አልጋ ላይ ዘርግቶ የሚያደርቅ ስንት ሰው ታውቂያለሽ? በኦሞ ተዘፍዝፎ፣ ተጠምዝዞ፣ ገመድ ላይ ነው የሚሰቀለው። ናሙናሽንም እንደዚያ አድርጊው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለኪ። እጁ የዝንጀሮ እጅ ካከለ ክሩ ወይ ጥብቀቱ መቀየር አለበት፣ ያኔ ገና 200ው አልተሠራም።

ቀለሙን ሳላይ ልገምት? ክር አልቆበታል። 140 ያህል ሠርቶ፣ ለቀረው የእጅ ክር ሲጎድለው ሮጦ «ያንኑ ቡኒ» ገዝቷል። ፋብሪካ ክር የሚነክረው በየዙሩ ነው። ሎት ይባላል፤ ክሩ የተጠቀለለበት ኮን ላይ ቁጥሩ አለ። የዛሬው ቡኒና የሌላ ወር ቡኒ ስማቸው እንጂ መልካቸው አንድ አይደለም። ልብ በይ፣ እኔም አንዴ ደርሶብኝ 80 ፍሬ የተማሪ ሹራብ እጁን ፈትቼ እንደገና ሠርቻለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 430 ግራም በ200 ሲባዛ 86 ኪሎ። ብክነቱ፣ የተበላሸው፣ ኮን ላይ የሚቀረው 10 በመቶ ይሁን። ወደ 95 ኪሎ። 95ቱ ኪሎ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሎት ይገዛል። የሚተርፈውን አንቺ ውሰጂው፤ ቀዳዳ ይደፈንበታል።

ኮሌታ ስለ ቅጣት ያልከው ለቲሸርት ይሠራ ይሆናል። እኔ ግን በቀን ይሄን ያህል ቅጣት ብሎ የመጣ ደንበኛ ሲኖር ቅጣቱን አስቀድሜ ዋጋው ውስጥ እከተዋለሁ። ሁሉም ይከተዋል። 30 በመቶ ማስቀረቱ ግን ልክ ነው፣ እስማማለሁ።

የመዘግየቱን ነገር ደግሞ እንነጋገር፣ እዚህ ላይ አንቺም አለሽበት። ከግንቦት እስከ መስከረም የከተማው ማሽን ሁሉ የሚሠራው የተማሪ ሹራብ ነው። አንድ ትምህርት ቤት 1,500 ፍሬ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮም መጣ፣ ከርሞም ይመጣል። አንቺ 200 ይዘሽ፣ አዲስ ንድፍ ይዘሽ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ መጣሽ። «ነገ» የሚልሽ ማሽኑ ሌላ ሰው ተሳፍሮበት ነው። ችግሩ እኛ አገር ብርዱና ትምህርት ቤት አንድ ወቅት ላይ መምጣታቸው ነው። ጥርና የካቲት ላይ ግን ማሽኖቼ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ ልጆቹ ካርታ ይጫወታሉ። ያኔ የሚመጣ ብራንድ ንጉሥ ነው። ሻይ ይጋበዛል፣ ናሙናው ሦስቴ ይታረማል፣ ዋጋም ይቀነስለታል።

ሁለት ጥያቄ ልጠይቅሽ። ማሽኑ ከጀመረ በኋላ የቀየርሽው ነገር አለ? ናሙናውስ ሲሠራ ከፍለሻል?

ብርዳሟ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለእህቴ ጮክ ብዬ።

ለጥያቄዎ። አዎ፣ ቀይሬያለሁ። ለመጻፍ ያፈርኩበት እሱን ነው። ሥራው ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ አንገቱ ተጨማሪ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ይበል ብዬ ደወልኩ። «ሁለት ሳንቲም ምን አላት» ብዬ ነው። እሱም እሺ አለኝ። አሁን ሳስበው አንድም ጊዜ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ናሙናውን አልከፈልኩም። «ትዕዛዙ ሲመጣ ይታሰባል» አለኝ፤ ሲመጣም አልታሰበም። ክሩን ጥጥ ነው ነበር ያለኝ። ዛሬ ከአንዱ ላይ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኩት። ግማሹ እንደ ወረቀት አመድ ሆነ፣ ግማሹ ተኮማትሮ እንደ ጥቁር ዶቃ ደረቀ። ድብልቅ ነው ማለት ነው አይደል?

አንገቱ ደግሞ ጭንቅላት አያሳልፍም የሚሉ አሉ። እሱን መጀመሪያ አልጻፍኩትም። በቃ በዛብኝ።

12 ጌጅ

አዎ፣ ድብልቅ ነው። ዶቃው አክሪሊኩ ነው፤ አመዱ ጥጡ። ድብልቅ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፣ እኔ ለአዲስ አበባ ብርድ የምመርጠው እሱን ነው። ነውሩ አለመነገሩ ነው።

የአንገቱን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊ ጋ ሁለት ሳንቲሜትር ሁለት ሳንቲሜትር ነው። እኛ ጋ ፕሮግራም ይቀየራል። ማሽኑ ይቆማል፣ የአንገቱ ሪብ እንደገና ይሞከራል፣ ከገላው ጋር ሉፕ በሉፕ የምታያይዘው ልጅ ማሽኗን እንደገና ታስተካክላለች። ቀድሞ የተሠራው አንገትም ይጣላል። ከፍ ያለ አንገት በጠባቡ ከተያያዘ ጭንቅላት አያሳልፍም። ሲለጠጥ ዙሪያው 60 ሳንቲሜትር ያህል መድረስ አለበት፤ ይሄ የልክ ወረቀትሽ ላይ መጻፍ አለበት። ደረት፣ ቁመት፣ እጅ ጽፈው የአንገት መለጠጥን የሚረሱ ብራንዶች አያለሁ። ከዚያ ሕፃናት ሲያለቅሱ ይሰማል።

«እሺ» ስላለሽው። ይሄ የኛ የአምራቾች በሽታ ነው፣ አልደብቅሽም። ደንበኛ እንዳይሄድ እሺ እንላለን፣ ከዚያ በዝምታ እናስተካክለዋለን። «ይቻላል፣ ግን አራት ቀን ይጨምራል፣ ይሄን ያህልም ገንዘብ» የሚልሽን ሰው ያዢ። እሺ ብቻ የሚልሽን ፍሪ።

ደግሞ እኛም የምንማረርበት አለ። በዓመት ቢያንስ አምስት ሰው መጥቶ በነፃ ናሙና ያሠራል። ፕሮግራሙን ለመጻፍ ቀላል ከሆነ ግማሽ ቀን፣ ገመድ የመሰለ ቅርጽ ካለው ሁለት ቀን ይወስዳል። ከዚያ ናሙናውን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ሄዶ «ከዚህ በርካሽ ሥራልኝ» ይላል። አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የኔን አንገት ለብሳ የምትሄድ ሴት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። እና ናሙናሽን ክፈይ። ገንዘቡ ትዕዛዙ ሲመጣ ከዋጋው ይቀነስልሽ። የከፈልሽበት ናሙና ላይ «ይሄ አልጣመኝም» ለማለት አፍሽ አይያዝም።

ስትወጂው ሦስት አንድ ዓይነት አሠሪ። አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ እንዳልኩሽ የሚታጠብ። በሁለቱ ላይ ወረቀት ይሰፋ፤ ክሩ፣ ሎቱ፣ ጌጁ፣ ከታጠበ በኋላ ያለው ልክ፣ ክብደቱ በግራም። ሁለታችሁም ፈርሙ። ያ ወረቀት ከስድስት ገጽ ውል ይበልጣል። ነገር ግን ሹራብን በሚሊሜትር አትያዢው። ደረቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ወዲያ ወዲህ፣ ክብደቱ ላይ 5 በመቶ ወዲያ ወዲህ ተይለት። ክር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በደረቅ ቀንና በዝናብ ቀን እንኳን አንድ አይደለም።

ዋጋ ስትደራደሪ ደግሞ እኛ የምንሸጠው የማሽን ደቂቃ መሆኑን እወቂ። እኔ ጋ ሜዳ፣ ቅርጽ የሌለው ሹራብ፣ 12 ጌጅ፣ ሁሉም ቁራጭ አንድ ላይ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ማሽኑ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 26 ፍሬ ነው፤ 200ው በአንድ ማሽን ስምንት ቀን። ፊቱ ላይ ሁለት የገመድ ቅርጽ ከጨመርሽ 70 ደቂቃ ይሆናል፣ ሥራው 12 ቀን ይወስዳል። ያንን ገመድ አንድ ብቻ ብታደርጊውና መሀል ላይ ብትተክይው ያምራልም ይረክሳልም። ይሄን የሚነግርሽ ግን ደቂቃውን ከጠየቅሽው ነው። እኔን ለምሳሌ የጠየቀኝ ብራንድ እስካሁን ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚባክነውን ጨምሪ፤ ሹራቡ መሀል ላይ ማሽን ቆሞ ሲነሳ መስመር የሚያሳይበት ጊዜ አለ። እሱን ለይቶ የሚያወጣ ሰው አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ቀብዱን በተመለከተ፣ «ግማሽ» የሚባል ነገር አልወድም። ቀብዱ የክሩ ዋጋ ይሁን። አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ፣ ኮኑ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሺ። አክሪሊኩ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋ ሰጥቼ ከሁለት ሳምንት በላይ ማቆየት ፈርቻለሁ። ክሩ ከተገዛ ግን እኔም አንቺም እንተኛለን።

ሜሪላንድ ያለችው

ለብርዳሟ ከዚህም ከዚያም ያልሆነ አንድ ነገር ልጨምር፣ ወደ ውጭ መላክ ካሰብሽ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ 80 ሹራብ አስመጥቼ ለሰፈራችን ሰው ሸጥኩ። አክሪሊክ ነበር። ጉምሩክ ላይ አንጀቴ አረረ። ኢትዮጵያ ከ2022 ጃንዋሪ ጀምሮ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ስለወጣች ቀረጡ ሙሉ ነው፤ አክሪሊክ ሹራብ በመደበኛው 32 በመቶ፣ የጥጥ ሹራብ 16.5 በመቶ። ድብልቅ ከሆነ የሚታየው በክብደት የሚበልጠው ክር ነው። ክሬ 55 በመቶ ጥጥ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ያህል እድን ነበር። ክር ላይ ተስማሙ ያሉት ጋሼ ለዚህም ይሠራል፤ እኔ ክሩን የጠየቅሁት ሣጥኑ ከተጫነ በኋላ ነው።

እና መለያው ላይ ከምን እንደተሠራ በመቶኛ መጻፍ እዚህ ግዴታ ነው፣ የተሠራበት አገርም። «ጥጥ ነው» ብሎሽ ድብልቅ ከሆነ፣ ዋሾዋ እሱ ሳይሆን አንቺ ነሽ። ስሙ ያንቺ ነዋ።

ኮሌታ

ቅጣቱን አንስቻለሁ 😄 ጋሼ፣ ለቲሸርትም የጨርቁን ግራም በካሬ ሜትር ጽፌ አላውቅም ነበር። 180 ብዬ አስቤ 150 ስቀበል የኖርኩ ይመስለኛል። ነገ እመዝናለሁ።

ብርዳሟ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለሚከታተል ሰው።

አምራች አልቀየርኩም። ሄድኩበት። በባዶ እጅ አይደለም፤ ከባለሱቁ ሚዛኑን ተውሼ፣ ናሙናውንና ሦስት ሹራብ ይዤ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ባዶ ኮኖች አሳየኝ። ሁለት ዓይነት ሎት። የጋሼ ግምት ልክ ነበር፤ ክር ያለቀበት ግን እኔ አንገቱን ቀይሬ ወደ 40 አንገት ስለተጣለ ጭምር ነው። ስለ ግራሙ «ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ነው» አለ። አመንኩትም አላመንኩትም። ቁጥሩን ግን ደብተሩ ላይ ጻፈው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የ60ውን እጅ በነፃ ይሠራል፤ ክሩን እኔ እገዛለሁ። ከገላው ጋር የሚገጥም ሎት ስለማይገኝ ሆን ብለን እጁን ሌላ ቀለም፣ ጥቁር፣ አደረግነው። እህቴ «ሁለት ቀለም» ብላ ለብቻ ፎቶ አንስታ ልትሸጠው አስባለች፤ እስካሁን ካሉን ሁሉ የሚያምረው እሱ ሆነ፣ ይገርማል። ለጠበበባቸው ሰዎች ገንዘባቸውን መልሻለሁ። አመመኝ፣ ግን መልሻለሁ።

ለከርሞው ደግሞ ጥር ላይ እንዲጀመር ከአሁኑ ናሙና አሠራሁ። ከፈልኩ። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ማነው የነገረሽ?» አለኝ። 50 ደቂቃ ነው። ኪሱን ብንተወው 42 ይሆናል አለ። ኪሱን ተውነው።

ሦስተኛው ናሙና ሁለቴ ታጥቦ አሁን ገመድ ላይ ነው። እናቴ ዘርጊው ብላ ተቆጣችኝ። ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ አጥቤ እለካዋለሁ።